ከመጠርጠር መመርመር

(በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር ማንበብና መጻፍ ለተማሩ ጎልማሶች የተዘጋጀ ንግግር)



ዛሬ የምነግራችሁ ብዙ ሰው በልቡ ይዞት ስለሚኖረው፣ በአፉ ግን ስለማያወጣው አንድ ፍርሃት ነው። ይኸውም «ያ በሽታ ይዞኝ ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ነው። በሽታው ኤድስ ነው። ስሙን ጠርተን ለመናገር ብዙዎቻችን እናፍራለን። «ያ በሽታ»፣ «የዘመኑ በሽታ» እያልን እናልፈዋለን። ስሙን መጥራት ግን በሽታውን አያስይዝም፤ አለመጥራትም ከበሽታው አያድንም። ስለዚህ ዛሬ በስሙ እንጠራዋለን።

የንግግሬ ዋና ቁም ነገር አንድ ነው። ሰው ገላውን በማየት፣ ሳሉን በመቁጠር፣ ብብቱን በመዳበስ ኤች አይ ቪ በደሙ ውስጥ መኖሩን ወይም አለመኖሩን ሊያውቅ አይችልም። የሚያውቀው ደሙን ሲመረመር ብቻ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ይዛችሁ ከሄዳችሁ ድካሜ በከንቱ አልቀረም።

ፍርሃት ሰውን እንዴት ይበላል?

በቡሬ ዙሪያ የሚኖር አንድ አርሶ አደር አለ እንበል። ስም አንስጠው፤ እንዲህ ያለ ሰው ከየትኛውም ቀበሌ አይጠፋምና። ይህ ሰው ለማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ ገንዘብ ቢያጥረው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወረደ። የቀን ሥራ ሠርቶ ገንዘቡን በተቀበለበት ምሽት ጠጣ። ከማያውቃት ሴት ጋርም ያለ ኮንዶም አደረ። ከዚያም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ትኩሳት ያዘው። «ወባ ነው» አለ። ደግሞም ቆም ብሎ ያችን ሌሊት አስታወሰ። ከንፈሩ ላይ ምች ወጣበት፤ ያችን ሌሊት አስታወሰ። ብሽሽቱ ላይ ንፍፊት ዳሰሰ፤ ያችን ሌሊት አስታወሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጧት ጧት ከመኝታው ሲነሣ ብብቱንና ብሽሽቱን ይዳብሳል። ምላሱን አውጥቶ በመስተዋት ያያል። ማታ እንቅልፍ የለውም፤ ልቡ ትር ትር ይላል፤ ያልበዋል። እህል አይወርድለትም። ጎረቤቱ «ምነው ከሳህ?» ሲለው ምድር ተከፍታ ብትውጠው ይወዳል።

እንግዲህ ምን አደረገ? ወደ ጤና ጣቢያ አልሄደም። «ሰው ቢያየኝስ?» አለ። ጠንቋይ ቤት ሄዶ አንድ ሙክት ሰጠ። ከመንደር መድኃኒተኛ ቅጠል ገዝቶ ጠጣ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ጊደሩን ሸጠ። ሚስቱን እንዳያስይዛት ሰግቶ መኝታውን ለየ፤ ምክንያቱን ግን አልነገራትም። እሷም «ሌላ ሴት ለምዷል» ብላ አዘነች። ቤቱ ሊፈርስ ደረሰ። ይህ ሁሉ የሆነው አንዲት ጠብታ ደም ለመስጠት በመፍራት ነው።

ይህ ሰው ቫይረሱ አለበት ወይስ የለበትም? እኔም እናንተም ከዚህ ወሬ ተነሥተን ልናውቅ አንችልም። እሱም ሁለት ዓመት ሙሉ ገላውን ሲዳብስ አላወቀም። ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

ፍርሃቱ ከየት መጣ?

ፍርሃታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ኤድስ በዓለም ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐኪሞች የተገለጸው በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ ነው። በ1975 ዓ.ም. የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በሽታውን የሚያመጣውን ቫይረስ አገኙ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ የደም ምርመራ መሣሪያ ለሥራ ዋለ። በአገራችን የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በአዲስ አበባ የታወቁት በ1978 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ወዲህ በሽታው ዋና ዋና መንገዶችን ተከትሎ ወደ ከተሞች ገባ። የእኛ አካባቢ ደግሞ የመንገድ አገር ነው። ከአዲስ አበባ የሚነሣው መንገድ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አልፎ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ከቡሬም ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚያደርስ ቅርንጫፍ አለው። መንገድ ጨው ያመጣል፤ ማዳበሪያ ያመጣል፤ ሐኪምም ያመጣል። የእኛን በርበሬና በቆሎም ወደ ገበያ ይወስዳል። ከሚሄደውና ከሚመጣው ሰው ጋር ግን በሽታም ይመጣል።

በዚያን ጊዜ መድኃኒት አልነበረም። የታመመው ሰው በዓይናችን ፊት እየከሳ፣ እየሳለ፣ ከአልጋ ዋለ። ብዙዎችን ቀበርን። «ኤድስ» ሲባል ዛሬም በዓይናችን የሚመጣው ያ የከሳ ሰው ነው። ስለዚህም ጥቂት የከሳ ሁሉ እንዲህ ብሎ ራሱን ይጠረጥራል፤ ወፍራሙና ቀዩ ደግሞ «እኔስ ደኅና ነኝ» ይላል። ሁለቱም ይሳሳታሉ። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጥር 1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በነፃ መሰጠት ጀምሯል። መድኃኒቱ ወደ ፊት ሄደ፤ ፍርሃታችን ግን በዚያ በመጀመሪያው ዘመን ላይ ቆሞ ቀረ።

ምልክት ለምን አይታመንም?

ኤች አይ ቪ የሰውነታችንን ዘበኞች የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ዘበኞቹ በደማችን ውስጥ የሚገኙ ነጭ የደም ሕዋሳት ናቸው። ዘበኛው የተገደለበት ቤት ማንኛውም ሌባ እንደሚገባበት ሁሉ፣ ዘበኞቹ ያለቁበትንም ሰውነት ልዩ ልዩ በሽታ ይገባበታል። ስለዚህ ኤድስ የራሱ የሆነ አንድ መለያ ምልክት የለውም። ሌሎች በሽታዎች ናቸው የሚታዩት። እስቲ አንድ በአንድ እንመልከት።

አንደኛ፣ ትኩሳት። ቫይረሱ ከገባ በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ አንዳንድ ሰዎችን ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የራስ ምታት፣ ሽፍታ ይይዛቸዋል። ሌሎችን ምንም አይሰማቸውም። ነገር ግን በብር ሸለቆና በየቆላው ወባ አለ። ጉንፋን አለ። የአንጀት ተስቦ አለ። ትኩሳቱ ከየትኛው እንደመጣ እጅን ግንባር ላይ በማድረግ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ ንፍፊት። በባዶ እግሩ የሚያርስ ሰው እሾህ ይወጋዋል፤ ድንጋይ ይመታዋል። የእግር ቁስል ደግሞ ብሽሽትን ያሳብጣል። ይህ በገበሬ ዘንድ የተለመደ ነው።

ሦስተኛ፣ የቆዳ ነገር። ቋቁቻ፣ እከክ፣ ችፌ፣ የከንፈር ምች ማንንም ይይዛል። አልማዝ ባለጭራ የሚባለው ሕመም ቫይረሱ ባለበት ሰው ላይ ይበዛል፤ ቫይረሱ የሌለበትንም ሰው ግን ይይዛል። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው መመርመሩ ይገባዋል እንጂ በራሱ ላይ ሊፈርድ አይገባውም።

አራተኛ፣ ሳልና ተቅማጥ። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል የሳንባ ነቀርሳ ሊሆን ይችላል። ነቀርሳ በመድኃኒት ይድናል። ተቅማጥም ካልተጣራ ውኃ፣ ከጃርዲያና ከአሜባ ይመጣል።

አምስተኛ፣ መክሳት። ይህን በደንብ አስተውሉልኝ። ጭንቀት ራሱ ያከሳል! የተጨነቀ ሰው አይበላም፤ አይተኛም። ሆዱ ይታወካል፤ ልቡ ይመታል፤ ሌሊት ያልበዋል። እነዚህንም የበሽታው ምልክት ናቸው ብሎ ይቆጥራቸውና የባሰ ይጨነቃል። የባሰ ሲጨነቅ የባሰ ይከሳል። በዓውድማ ላይ እንደሚዞሩ በሬዎች በአንድ ቦታ ሲዞር ይኖራል። ከዚህ ዙሪያ የሚያወጣው ምርመራ ብቻ ነው።

እንግዲህ ምልክት ያየ ሁሉ በሽታው አለበት ማለት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ 1000 ሰዎች መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው 9 ያህል ናቸው። በገጠር ከ1000 ሰዎች 4 ያህል ሲሆኑ፣ በከተማ ግን 29 ያህል ነበሩ። ከሚፈሩት ብዙዎቹ ቫይረሱ የለባቸውም።

በሌላ በኩል ደግሞ ምልክት ያላየ ሁሉ ነፃ ነው ማለት አይደለም። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ ገብቶ ምንም ሳይታይ ስምንትና ዐሥር ዓመት ሊቆይ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሰውየው ያርሳል፤ ይነግዳል፤ ያገባል፤ ይወልዳል። ጉንጩ ሞልቶ ጥርሱ ነጭ ሆኖ ለሌላው ያስተላልፋል። «አያምርም? ምን በሽታ አለበት?» ብላ ልጇን የምትድር እናት በመልክ ፈረደች እንጂ አላወቀችም። ከጋብቻ በፊት ሁለቱም ወገኖች ይመርመሩ የሚባለው ስለዚህ ነው።

ምርመራው እንዴት ነው?

ምርመራው ከባድ አይደለም። በመንግሥት ሆስፒታልና ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ ይደረጋል። ያ አርሶ አደር በመጨረሻ ጨክኖ ሄደ እንበል። ጸጸቱን ይዞ በር ላይ ሲያመነታ የጤና ባለሙያዋ አየችው።

«አያ፣ ይግቡ፤ ይቀመጡ» አለችው።

«ልጄ፣ ሰው ይሰማል እንዴ?»

«በሩን ዘግቻለሁ። እርስዎ ካልተናገሩ ከኔ አፍ አይወጣም። ሕጉም አይፈቅድልኝም።»

«ይህን ገላዬን አይተሽ ልትነግሪኝ አትችይም? ይኸው ሽፍታው…»

«አያ፣ ገላዎትን ዓመት ሙሉ ባየው አላውቅም። ጣትዎን ይስጡኝ።»

የጣቱን ጫፍ በአዲስ መርፌ ወጋ አደረገች። አንዲት ጠብታ ደም ወሰደች። ውጤቱ በሃያ ደቂቃ ገደማ ደረሰ። ሁለት ዓመት የጠበቀው ነገር ቡና ተፈልቶ አቦሉ እስኪቀዳ ያህል እንኳ አልፈጀም።

ከዚህ ላይ መታወቅ ያለባቸው ሦስት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የጊዜ ነገር ነው። ምርመራው የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራውን ነገር ነው። ያ እስኪሠራ ሳምንታት ይወስዳል። ስለዚህ ትናንት የተጋለጠ ሰው ዛሬ ተመርምሮ «የለብህም» ቢባል ገና አላረፈም። ሦስት ወር ከሞላው በኋላ ተመልሶ መመርመር አለበት። እስከዚያው ኮንዶም ይጠቀም፤ ወይም ይታቀብ። ሦስት ወር አልፎት ከተመረመረና ነፃ ከተባለ ግን፣ በመካከሉ ሌላ መጋለጥ ከሌለ፣ ነገሩ አለቀ። ነፃ ነው። ከዚያ በኋላ ንፍፊት ቢወጣ የንፍፊቱን ሐኪም ይጠይቅ፤ ያችን ሌሊት አያንሣ። በየሳምንቱ እየሄዱ መመርመርም ፍርሃቱን ከማሳደግ በስተቀር አይጠቅምም።

ሁለተኛው፣ በአንድ መመርመሪያ ብቻ «ቫይረሱ አለብህ» አይባልም። በሌሎች ዓይነት መመርመሪያዎች ተደግሞ ይረጋገጣል።

ሦስተኛው፣ ተደፍራ የመጣች ሴት ወይም ልጅ፣ ወይም በሥራው ላይ ሳለ መርፌ የወጋው የጤና ሠራተኛ በ72 ሰዓት ውስጥ ከደረሰ ቫይረሱ እንዳይያዝ የሚከላከል መድኃኒት ይጀመርለታል። ለ28 ቀን ይወስዳል። በቶሎ ከሆነ ይበልጥ ይረዳል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰባትን ልጅ «ነውር ነው፤ ዝም በይ» ብሎ ቤት መደበቅ ሁለተኛ ጉዳት ማድረስ ነው። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ውሰዷት።

ውጤቱ ምንም ቢሆን ማወቅ ይሻላል

ያ አርሶ አደር ቫይረሱ የለበትም እንበል። እንግዲያው ሙክቱ፣ ጊደሩ፣ የሁለት ዓመት እንቅልፍና የሚስቱ ዕንባ በከንቱ ሄዱ። በተመለሰ በሦስተኛው ወር ተመርምሮ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

ደግሞ ቫይረሱ አለበት እንበል። ያን ጊዜስ? ያን ጊዜ የባከነው ጊዜ የሕክምና ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ዘመን መድኃኒት ለመጀመር የሰውነት ዘበኞች ቁጥር እስኪቀንስ ይጠበቅ ነበር። ከ2009 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ ሳይውል ሳያድር እንዲጀምር ነው የሚመከረው። አብዛኛው ሰው በቀን አንድ ፍሬ ክኒን ይውጣል። ክኒኑ ቫይረሱን ከሰውነት ጠራርጎ አያወጣውም፤ ነገር ግን ያስተኛዋል። ዘበኞቹም ተመልሰው ይበዛሉ። ሰውየው አርሶ፣ ልጆቹን አሳድጎ፣ ድሮ አስታርቆ ሸምግሎ ይኖራል።

ደግሞም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የወሰደና በምርመራ የቫይረሱ መጠን ከማይታይበት ደረጃ የደረሰ ሰው፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለትዳር ጓደኛው አያስተላልፍም። ይህ በብዙ ባልና ሚስቶች ላይ ተጠንቶ የተረጋገጠ ነው። ነፍሰ ጡር እናትም እንዲሁ ናት። ሕክምና ከሌለ ቫይረሱ ካለባቸው እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። እናቲቱ መድኃኒቷን ከወሰደችና ሕፃኑም የሚገባውን ካገኘ ግን ቁጥሩ ከ5 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ነው ያረገዘች ሴት ሁሉ በቅድመ ወሊድ ክትትል ትመርመር የሚባለው። ባሏም አብሯት ቢሄድ ያኮራዋል እንጂ አያሳፍረውም።

አንዳንድ ሰው ደግሞ «ጠበል እየተጠመቅሁ ክኒን አልወስድም» ይላል። ይህ ነገር በእንጦጦ ማርያም ጠበል ዘንድ ብዙ ሲያነጋግር ቆይቶ፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑ፣ እንደማይጣሉም አስተምረዋል። ስለዚህ ጠበሉን የሚሻ ይጠመቅ፤ ክኒኑን ግን አያቋርጥ።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት የጤና ተቋማት ተጎድተዋል፤ መንገድ እየተዘጋም ሕሙማን ተቸግረዋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው በሕክምናው የጸና ከሆነ የብዙ ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሊሰጠው ስለሚችል ባለሙያውን ይጠይቅ። ክኒኑ ሊያልቅበት ሲል የመጨረሻውን ቀን አይጠብቅ። ከክትትል ቦታው መድረስ ካልቻለም የሕክምና ካርዱን ይዞ ወደሚቀርበው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የእኛ ድርሻስ?

ሰው ምርመራን የሚፈራው መርፌውን ፈርቶ አይደለም። እኛን ፈርቶ ነው! ጠላ ቤት የምናወራውን፣ በገበያ የምንጠቋቆመውን ፈርቶ ነው። «እከሌ እኮ ከዚያ ክፍል ሲወጣ አየሁት» የምንል ሰዎች አንድን ጎረቤት ከሕክምና ልናስቀር እንችላለን።

ቫይረሱ በአንድ ማዕድ በመብላት፣ በአንድ ዋንጫ በመጠጣት፣ በመጨባበጥ፣ በወባ ትንኝ ንክሻ አይተላለፍም። የሚተላለፈው ጥንቃቄ በሌለበት የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በደም በተነካ ምላጭና መርፌ፣ ከእናት ወደ ልጅ ነው። እንጥል ለማስቆረጥም ሆነ ለግርዛት አንድን ምላጭ ለብዙ ሕፃን መጠቀም ይቅር። በማኅበር፣ በሰንበቴ፣ በዕድር ስንገናኝ ስለዚህ ነገር በግልጽ እንነጋገር። ቫይረሱ ያለበት ሰው በደቦው ይምጣ፤ ጽዋውን ይጠጣ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንላለን። ነገር ግን ሰው በሽታውን እንዳይደብቅ የሚያደርገው ጎረቤቱ ነው።

በመጨረሻም ለእናንተ ማንበብ ለተማራችሁ አንድ ቃል ልጨምር። ፊደል መማር የመብራት ያህል ነው እንላለን። በጨለማ ጉቶውን ጅብ ነው ብሎ የሸሸ ሰው መብራት ሲመጣ ጉቶነቱን ያያል፤ ጅብ ከሆነም ዱላውን ያነሣል። ምርመራም እንዲሁ ነው። የቀጠሮ ካርዳችሁን ራሳችሁ አንብቡ። የመድኃኒቱን ሰዓት ራሳችሁ ጻፉ። ማንበብ ላልቻለ ጎረቤታችሁ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። የሚጨነቅ ሰው ካያችሁም አትፍረዱበት፤ «አብሬህ ልሂድ» በሉት።



ከንባቡ በኋላ ለመወያየት

1. አርሶ አደሩ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምን አልተመረመረም? በእናንተ ቀበሌስ ሰውን ከምርመራ የሚያስቀረው ምንድን ነው?
2. ጭንቀት ብቻውን በሰውነት ላይ ምን ያደርጋል?
3. አንድ ሰው በተጋለጠ በሳምንቱ ተመርምሮ «የለብህም» ቢባል ምን ማድረግ አለበት?
4. 72 ሰዓትና ሦስት ወር የተባሉት ለምን ለምን ጉዳይ ነው?
5. በዕድራችሁ ወይም በማኅበራችሁ ስለዚህ ነገር ለመነጋገር ምን ታደርጋላችሁ?